ከባሕሩ ዳር የቆመ ተራ

1.

«አልወርድም» አለ ታረቀኝ።

ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መሃል ይዤ መስኮቱን ዘጋሁ።

«ከመኪናው አልወርድም። ወርጄስ?»

2. ለአንባቢ

ከመሃል ጀመርኩ። ታረቀኝ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ባዶ ተሳቢ ጎትቶ ማዳበሪያ ሊጭን ከአገር ቤት ወደዚህ ወደብ የመጣ። እኔ ሕሊና ነኝ፤ የመኪኖቹን የጭነት ተራ የምይዝ የትራንዚት ቢሮ ሠራተኛ። ቢሮው ኮረብታው ላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው። መኪኖቹ ታች ሜዳው ላይ ቆመዋል። ሜዳው በአንድ በኩል ባሕር፣ በሌላ በኩል ደረቅ ወንዝ አለው።

ደረቅ የነበረው እስከ ትናንት ነው። መኪና የሚወጣበት መንገድ ዛሬ ጠዋት በጭቃ ተዘግቷል። የቀረው የእግረኛ ድልድይ ብቻ ነው።

ባልደረቦቼ ትናንት ወደ አገር ቤት ሄዱ። «አንቺስ?» ያለኝ የለም። ቢሉኝም መልሴን የሚጠብቁ አይመስለኝም፤ ድምፄ ዝቅ ያለ ነው።

3. ስለ አውሎ ነፋሱ

ቀርፋፋ።

የአየር ጠባይ መግለጫው የደጋገመው ቃል ይህ ነው። ሾፌሮቹ ስነግራቸው ሳቁ። «አትፍሪ» ብለው ሊያጽናኑኝ የሞከሩም ነበሩ። ፈጣን አውሎ ነፋስ ግን መትቶ ያልፋል። ቀርፋፋው ተቀምጦ ያዘንባል። ባሕሩን እየገፋ ሜዳው ላይ ያወጣዋል፤ ከተራራው በኩል ደግሞ ደራሽ ውሃ ይልካል። ሁለቱ የሚገናኙት መኪኖቹ የቆሙበት ቦታ ነው።

አውሎ ነፋሷ ስክሪኔ ላይ ነጭ ክብ ናት። ጠዋት አየኋት። ምሳዬን ይዤ ስመለስ እዚያው ነበረች። ሰዎቹ ከሄዱ ወዲህ የምውለው ከእሷ ጋር ነው።

4. የስልክ ንግግር

(ሁሴን ከታረቀኝ ቀጥሎ የቆመው ሾፌር ነው። አገሩ ከሚሴ ስለሆነ ሁሉም «ከሚሴ» ይለዋል።)

ሁሴን፦ ሕሊናዬ፣ ይቺ ማዕበል በእግሯ ነው እንዴ የምትመጣው?

እኔ፦ ኮረብታው ላይ ወዳለው ትምህርት ቤት ውጡ። ሁላችሁም።

ሁሴን፦ ተራችንስ?

እኔ፦ ወደቡ ተዘግቷል። የሚጭን የለም።

ሁሴን፦ ሲከፈትስ? እኔ ዞር ስል ከኋላዬ ያለው ሾልኮ ይገባል። እዚህ ያለውን ሰው አታውቂውም፤ ለተራ እናቱን ይሸጣል።

እኔ፦ አንተም?

ሁሴን፦ እኔ እንኳ አከራያታለሁ እንጂ አልሸጣትም።

5.

መፍትሔውን ያመጣው ግን ሁሴን ራሱ ነው። አገር ቤት ለዘይትም ለውሃም ሰልፍ ሲረዝም ሰው ድንጋይ አስቀምጦ ጥላ ስር ይቀመጣል። ድንጋዩ ይቆምለታል። «እኛም እንደዚያ እናድርግ» አላቸው። እያንዳንዱ ሾፌር ከወደቡ በር ፊት ድንጋዩን አኖረ። ስልኩን ስላልዘጋው ሁሉንም ሰማሁ።

«ከሚሴ፣ ይሄ ምንድን ነው ያመጣኸው?»

«ድንጋይ ነዋ።»

«ተሳቢ አለው እንዴ? የሁለት ሰው ቦታ ያዘ።»

«አንተ ጠጠር ይዘህ መጥተህ በእኔ ትቀናለህ?»

ከዚያ በዝናብ ውስጥ፣ አንዱ የሌላውን ጃኬት ይዞ፣ ድልድዩን ተሻገሩ። አንድ ድንጋይ ጎደለ።

የመጀመሪያው።

6.

ታረቀኝ ከሁሉም ፊት ነው። «አንደኛ የቆመ ሰው ከድንጋይ ምን ያተርፋል?» አለኝ። «አንድ ጊዜ ማደያ ሰልፍ ላይ ድንጋይ አስቀምጬ ልጄን ላስከትብ ሄድኩ። ስመለስ ከኋላዬ የነበረው ሰውዬ ድንጋዬ ላይ ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል።»

ሳቅሁ። እሱም ሳቀ። ግን አልወረደም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለታሪኩ ያስፈልጋል። ሾፌሮቹ ሲደውሉ «ስንተኛ ነኝ?» ይላሉ። ታረቀኝ መጀመሪያ «ምሳ በላሽ?» ይላል። መልሴንም ይጠብቃል።

7. ሰውን ከጋቢና ለማስወረድ

ለምኚው። («እሺ» ይልሻል። ወንበሩ ሲንቋቋ ትሰሚያለሽ፤ ተመቻችቶ መቀመጡ ነው።)

ልጆቹን አንሺለት። («ለእነሱ ብዬ አይደል የተቀመጥኩት?»)

ውሃው የት እንደደረሰ ጠይቂው። («ጎማው ላይ ነው። የታችኛው ግማሽ ላይ።» ቆይተሽ ጠይቂው። «አሁንም ጎማው ላይ ነው።» ግማሹን አይጠቅስልሽም።)

ዝም በይ። በዚህ ጎበዝ ነሽ።

8. ስለ አውሎ ነፋሱ

እዚያው ናት።

9.

ተራው የተሰረዘበት ሾፌር በስልክ አይከራከርም። ቢሮ ይመጣል። ሦስት ፎቅ ወጥቶ፣ በሩን ሳያንኳኳ ከፍቶ፣ ጠረጴዛ እየመታ ይጮሃል። ትልቁም ትንሹም፣ ጨዋውም ባለጌውም እንዲህ ነው፤ በስልክ የተጣላ ሾፌር እስካሁን አላየሁም። እንዲህ ያለ ቀን እኔ ፋይል የምፈልግ መስዬ መዝገብ ቤት እገባለሁ፣ ጩኸቱ እስኪያልቅም አልወጣም።

የተሰረዘ ተራ አይመለስም። ባለቤቱ ከመጨረሻው መኪና ኋላ እንደገና ይሰለፋል። ታረቀኝ ፊት የደረሰው ሁለት ወር ሙሉ ጋቢና ውስጥ እያደረ ነው።

ስሙ ላይ ጣቴን አሳረፍኩ።

ሰረዝኩት።

10. የስልክ ንግግር

እኔ፦ ተራህ ተሰርዟል።

ታረቀኝ፦ ምን?

እኔ፦ ከሁሉም ኋላ ነህ።

ታረቀኝ፦ ማነው የሰረዘው?

እኔ፦ እኔ።

(ዝናቡ በእሱም በእኔም በኩል ይሰማል።)

ታረቀኝ፦ አንቺ?

እኔ፦ አዎ።

ታረቀኝ፦ ምን አደረግኩሽ?

እኔ፦ ቅሬታ ካለህ ቢሮ ቀርበህ ማመልከት ትችላለህ።

(ይህን ያልኩት በሥራ ድምፄ ነው። ሌላ ድምፅ ብጠቀም ከመኪናው ላስወርደው መሆኑ ይገባው ነበር፣ ከገባውም አይወርድም ነበር።)

ታረቀኝ፦ ሰው መስለሽኝ ነበር።

(ተዘጋ።)

11. የስልክ ንግግር

እኔ፦ ሁሴን፣ ከትምህርት ቤቱ ሜዳው ይታይሃል?

ሁሴን፦ ዝናብ ነው የሚታየኝ፣ እህቴ። ቆይ... የታረቀኝ መብራት በርቷል።

እኔ፦ እሱስ?

ሁሴን፦ የጋቢናው በር የተከፈተ ይመስለኛል። ወይ ነፋሱ ነው።

እኔ፦ ድልድዩስ?

ሁሴን፦ ውሃ ወጥቶበታል።

እኔ፦ ሰው ማለፍ ይችላል?

ሁሴን፦ የተናደደ ሰው ያልፋል።

(አልሳቀም። እሱ ሳይስቅ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው።)

12. ለአንባቢ

ታረቀኝ ስልኩን አያነሳም። ይጠራል፣ ይጠራል፣ ያቆማል። ተናዶ ከሆነ ትክክል ነው፤ እኔም አላነሳም ነበር።

የቢሮውን በር ገርበብ አድርጌ ወንበሬ ላይ ተቀምጫለሁ። መዝገብ ቤቱን ቆልፌዋለሁ። «ምን አደረግኩሽ?» ላለው መልስ ጽፌ ነበር፤ ሳነበው አፈርኩና ቀደድኩት። ሰው እንዲጮህብኝ እንዲህ ጓጉቼ አላውቅም። ደረጃው ላይ ኮቴ የሰማሁ እየመሰለኝ ሁለት ጊዜ ተነስቻለሁ።

የሚቀጥለው ክፍል የእሱ ነው። የፈለገውን ይበል። ጠረጴዛውንም ይምታ።

አልጽፍበትም።

13.