የአያ ሙላቴ ድምፅ

«ይሻው ልጄ፣ እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ተሽሎኛል» አለ ስልኩ።

ትዝታ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች። ድምፁ የአባቷ ነው። ያውም የዛሬው ሳይሆን የዱሮው፤ ክረምት መግቢያ ላይ ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን ጥሎ ምላሳቸውን ሳያስረው በፊት የነበረው፣ ሠርግ ቤት ሲመርቁ ድንኳኑን ጸጥ ያሰኝ የነበረው ወፍራም ድምፅ።

«የሙሉቀን ወገኖች ይቅር ብለውሃል። ነገ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ናና ብሳናዋ ጋ ውረድ። ሽማግሌ ማስቸገር አያስፈልግም፤ ብቻህን ና። አይዞህ።»

«አይዞህ» የሚለውን እሷ አልጻፈችውም። መልሳ አየች፤ ከጻፈችው ውስጥ የለም። አባቷ ግን ሰው ሲሸኙ ሁልጊዜ የሚሏት ቃል ናት። ሰው ሠራሽ አስተውሎቱ ካስገባችለት የሠርግ ቪዲዮ ውስጥ ለቅሞ ከራሱ ጨምሯታል።

ከጠረጴዛው ማዶ የቆመው ባዩ አፉን በሁለት እጁ ይዞ ሳቀ። «ራሳቸው ናቸው! በሞቴ፣ ራሳቸው ናቸው እኮ! ተሽሏቸው ጓዳ የተቀመጡ ነው የሚመስለው።»

ሱቋ ደብረ ታቦር መናኸሪያ አጠገብ ነው። ፎቶ ኮፒ ታነሣለች፣ ማመልከቻ ትጽፋለች፣ የሠርግ ቪዲዮ ታቀናብራለች። ባዩ ግን ዛሬ የመጣው ለማመልከቻ አልነበረም። ከሁለት ዓመት በፊት ይሻው የሚባል ጎረቤቱ በእርሻ ድንበር ጠብ የባዩን ታላቅ ወንድም ሙሉቀንን ገድሎ ከእብናት በታች ወዳለው ቆላ ወርዷል። ሁለቱን ወገን ሲያሸማግሉ የቆዩት የትዝታ አባት አቶ ሙላቴ ነበሩ፤ አገሩ አያ ሙላቴ ይላቸዋል። ይሻው «አያ ሙላቴ በአፋቸው ና ካላሉኝ አልመጣም» ብሎ ሲጠብቅ እሳቸው ወደቁ፤ ነገሩም ባለበት ቆመ።

የቀሩት ሽማግሎች ተሰብስበው «አባትሽ እስኪነሡ በቦታቸው ተቀመጪ፤ የሚሉት የሚገባው ላንቺ ብቻ ነው» አሏት። ሴት በዚያ ቦታ ተቀምጣ አታውቅም። ሲመርጧት አንዳንዱ ከንፈሩን ሸሽጎ እንደሳቀ አይታለች። ይህን ዕርቅ ከፍጻሜ ብታደርሰው የሚስቅ አይኖርም።

«በይ ላኪለት» አለ ባዩ። የይሻው ቁጥር ያለው እሷ ዘንድ ብቻ ነው።

«መጀመሪያ ከሽማግሎቹ አያ አለምነው ቢሰሙትስ?»

«ሽማግሌ በሰማው ቁጥር አንድ ወር ይጨመራል። አሁን ዳኛዋ አንቺ አይደለሽም እንዴ? ወይስ ለፎቶ ነው ያስቀመጡሽ?» ከዚያ ድምፁ ሰለለ። «እናቴ ከሏን እንደለበሰች ልትሞትብኝ ነው፣ ትዝታ። ደከመኝ። ይምጣና ይብቃን።»

ዕንባው ጉንጩ ላይ ወረደ። የሚያለቅስ ወንድ ፊት እምቢ ማለት አልሆነላትም። ላከችው።

ባዩ መላኩን በዐይኑ ካረጋገጠ በኋላ ፊቱን በእጅጌው ጠረገ። ዕንባው እዚያው ደረቀ። «የመጀመሪያው መኪና ብሳናዋ ጋ ስንት ሰዓት ላይ ይደርሳል?» አለና መልሷን ሳይጠብቅ ወጣ።

ትዝታ ሱቋን ዘግታ ቤት ስትገባ አባቷ መስኮቱ ሥር ባለው አልጋ ላይ በትራስ ተደግፈው ወደ ጉና ያያሉ። ተራራው ደመና ለብሷል። ላስደስታቸው ብላ ጋቢያቸውን እንኳ ሳታስተካክል ስልኩን ከፈተችው።

አቶ ሙላቴ ድምፁን እንደሰሙ ወደ በሩ ዞሩ። ሰው የገባ መስሏቸዋል።

«ማ... ማነው?»

«እርስዎ ነዎት፣ አባ! በስልክ የተሠራ ነው። ይሻውን ጠራነው እኮ። ነገ መጥቶ ይታረቃሉ።»

ፈገግ ይላሉ ብላ ጠበቀች። አባቷ ስልኩን አላዩትም፤ እሷን ነው ያዩት።

«ከ... ፊቱ» አሉ። በታመመው ጎን ምራቃቸው ወረደ፤ ጠረገችላቸው። «ከፊቱ... ማን... ይሄዳል?»

«ማን ይሄዳል ማለት?»

«እኔ... ጠርቼ... አላውቅም። ሄጄ... ነው... የማመጣ።»

እውነት ነው። ልጅ ሆና ሌሊት ወጥተው ሲሄዱ፣ በማግስቱ ወይ በሠልስቱ አንድ ያቀረቀረ ሰው አስከትለው ሲመለሱ አይታለች። ገዳይ ዕርቁ እስኪፈጸም ከሽማግሌው ጀርባ ነው የሚሄደው። ቂሙን የሚወጣ ሰው ቢኖር መጀመሪያ ሽማግሌውን መምታት ይኖርበታል፤ ሽማግሌ የመታ ደግሞ በዚያ አገር ቀባሪ የለውም። ትዝታ ያን አካሄድ ስታየው የኖረችው እንደ ክብር ነበር። ጋሻ መሆኑን ያወቀችው አሁን ነው።

«ቀኑን... ማን... ቆረጠ?»

«ባዩ።»

«ቦታውንስ?»

ወጥታ አያ አለምነው ጋ ደወለች።

«ምን አልሽኝ?» አሉ ሽማግሌው። «የሟች ወገን ነው ቀን የሚቆርጠው? ከመቼ ወዲህ! እኔ የሰማሁት ነገር የለም፣ ልጄ። እንዲያውም ባዩ ትናንት ከጎረቤቴ ጥይት ሲለምን ነበር አሉ። ጅብ አስቸገረኝ ብሎ።» ቀጥለውም «ሰዎች ቀስቅሼ ልውጣ፤ ግን እኔ ካለሁበት በእግር ነው፣ ማልጄም ብነሣ አልደርስበትም» አሉ።

የባዩ ስልክ ዝግ ነው። ፖሊስ ጋ ደወለች፤ ያነሣው ሰው «ምን ተፈጸመ?» አላት። «ገና አልተፈጸመም» አለችው። ጠዋት በአካል መጥታ እንድታመለክት ነገራት።

ተመልሳ አባቷ ፊት ቆመች።

«ለምን አልነገሩኝም?» ጮኸች። «ወንዶቹን አስከትለው ሲሄዱ እኔን ቤት ጠብቂ ይሉኛል። ኋላ ደግሞ በአባትሽ ቦታ ተቀመጪ! ከየት ልወቀው? ከግድግዳው?»

የአቶ ሙላቴ ደህናው እጅ የጋቢውን ጥለት ይፈትላል።

«ልክ... ነሽ» አሉ።

ይህን ስላሉ ይበልጥ አስለቀሷት። ዕንባዋን ዋጥ አድርጋ ይሻው ጋ ደወለች።

«እሰይ፣ ትዝታ!» አለ ይሻው ገና ሳትናገር። «አያ ሙላቴ ተሻላቸው! ዕንባዬ እየወረደ ነው የሰማሁት። ጋቢዬን እንኳ አጥቤ አስጥቻለሁ።»

«ይሻው፣ እንዳትመጣ። የሰማኸው እሳቸው አይደሉም። የተሠራ ድምፅ ነው፤ የሠራሁትም እኔ ነኝ።»

«የሰው ድምፅ ይሠራል እንዴ? ጠላ ነው የሚጠመቅ?»

«በእመቤቴ፣ ስማኝ! ራሳቸውን ላገናኝህ።»

ስልኩን ወደ አባቷ አፍ አስጠጋች። አቶ ሙላቴ የአንገታቸው ሥር እስኪገታተር ታገሉ። «ይ... ሻ... አት... አትም...»

«ማነው ይህ ሰካራም?» አለ ይሻው።

ሁለቱም ሰሙት። አቶ ሙላቴ አፋቸውን ገጠሙ።

«ስሚኝ» አለ ይሻው፣ ድምፁ ቀዝቅዞ። «የሳቸውን ድምፅ ከሺህ ሰው እለየዋለሁ። ዕርቁ ያልጣመው ሰው ገዝቶሻል። እሳቸው ና ብለውኛል፤ እመጣለሁ።» ዘጋው። ደግማ ብትሞክር አያነሣም።

«ሌላ ድምፅ ሠርቼ 'አትምጣ' ብዬ ልላክለት?» አለች ወደ አባቷ ዞራ።

አባቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አትላኪ» አሉ። «ሂጂ።»

ሲነጋጋ ወደ እብናት በሚሄደው በመጀመሪያው ሚኒባስ ከሾፌሩ ኋላ ተቀምጣ ወጣች። ጉም መንገዱን ይዞታል። ብሳናዋ ጋ ሲደርሱ ከዛፏ ሥር ሦስት ሰዎች ቆመዋል። የባዩን ጃኬት ለየችው። የአንደኛው ጋቢ ትከሻው ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ከሥሩ ያለው ነገር ልብስ አይደለም። ትዝታ ወንበሯ ላይ ዝቅ አለች፤ መኪናው አለፋቸው።

ዳገቱን ጨርሰው ቁልቁለቱን ሲይዙ ከፊት ለፊት ሌላ ሚኒባስ ሲመጣ ታየ።

«ወንድሜ፣ ያን መኪና አስቁምልኝ!»

«ምን ጠፋብሽ?» አለ ሾፌሩ።

«ሰው!»

«ባልሽ ነው?» ረዳቱ ሳቀ። «ጥሎሽ እየኮበለለ ነው?»

«ባል ቢሆንማ በሄደ! አስቁመው አልኩህ!»

ሾፌሩ ፊቷን በመስተዋት አየና ጡሩንባውን ነፋ፤ ሁለቱም መኪኖች ቆሙ። ትዝታ መንገዱን በሩጫ አቋርጣ ሁለተኛው ሚኒባስ ውስጥ ገባች። ይሻው መካከለኛው ወንበር ላይ ነጭ ጋቢውን ለብሶ ተቀምጧል። አጠገቡ ተጠግታ ተቀመጠች፤ መኪናው ተነሣ።

«ሆሆ! የትናንቱ አልበቃሽም?» አለ። «መንገድ ድረስ?»

«አያ ሙላቴ በሕይወታቸው የማይናገሩትን አንድ ነገር ንገረኝ።»

«ምን?»

«ንገረኝ አልኩህ።»

አፏን ለማስያዝ ብሎ «እስቲ 'ይሻው ሌባ ነው' ይበሉ» አላት።

ጻፈችው። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ጥቂት አቆያቸው። ከዚያ ያ ወፍራም ድምፅ ከመዳፏ ወጣ፦

«ይሻው ሌባ ነው። አይዞህ።»

ከፊት የተቀመጡት አሮጊት አማተቡ። ይሻው ስልኩን አየ፣ እሷን አየ፣ እንደገና ስልኩን አየ።

«ትናንት ያ ሰካራም ያልኩት...»

«እሳቸው ነበሩ። ብሳናዋ ሥር የሚጠብቁህ እነ ባዩ ናቸው።»

ጋቢውን ጨበጠ። «እና ከእንግዲህ የማንን ልመን?» አለ። «አንቺስ ወደነሱ ልትነጂኝ ተልከሽ ቢሆንስ?»

«ላሳምንህ የምችልበት ነገር የለኝም። መጥቻለሁ፣ ይኸው።»

«ባዶ እጄን ነው የመጣሁት» አለ በሹክሹክታ። «እሳቸው ከጠሩኝ ብዬ።»

«ብሳና!» ጮኸ ረዳቱ። «ብሳና ወራጅ ነኝ ያልከው፣ ተዘጋጅ!»

«አይወርድም!» አለች ትዝታ። «ሂዱ፣ አትቁሙ!»

ሾፌሩ ግን ፍሬን ይዟል። ከፊት፣ ጉሙ መሐል፣ ባዩ እንደ ተሳፋሪ እጁን ዘርግቶ መንገዱ ላይ ቆሟል። ሁለቱ ከኋላው ናቸው።

«ሦስት ናቸው፤ ትርፍ ቦታ አለን?» አለ ሾፌሩ።

«እናጣብባቸዋለና!» አለ ረዳቱ፣ ወደ በሩ እጀታ እየተዘረጋ።

ትዝታ የይሻውን ጋቢ ስባ እስከ ግንባሩ አከናነበችው። «ደብረ ታቦር ስትደርስ የአያ ሙላቴን ቤት ጠይቅ፤ ሕፃን እንኳ ያሳይሃል። ግባና እጃቸውን ያዝ። እንዲናገሩ አትጠብቅ።»

«አንቺስ?»

መኪናው ቆመ። በመስኮቱ የባዩ ፊት እየቀረበ፣ ወንበር በወንበር እያየ መጣ። ይሻው ሊነሣ ሲል ጉልበቱን በእጇ ተጭና መልሳ አስቀመጠችው።

«ወራጅ አለ» አለች።

ረዳቱ በሩን ሲከፍት ቀድማ ወረደች። ባዩ እሷን ሲያይ ባለበት ቀረ፤ የጃኬት ኪሱ ውስጥ ያለው እጁ ግን አልወጣም።

«አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

በሩን ከኋላዋ ገፍታ ዘጋችው። ከዚያ ፊቷን ከባዩ ሳትመልስ፣ እጇን ወደ ኋላ ልካ የመኪናውን ጎን በመዳፏ ሁለት ጊዜ መታች፤ ረዳቶች መኪና ሲያስነሡ «ሳብ» እያሉ እንደሚመቱት።