ቴፕ ፈተናውን አለፈች

የእህቴን ልጅ ሰፈሩ ሁሉ «ቴፕ» ነው የሚላት። አንዴ የሰማችውን አትረሳም፤ ዘፈኑንም፣ ስድቡንም። ፊደል ፊቷ ሲቀርብ ግን፣ ልጆቼ፣ ዓይኗ ይዋልላል፣ ግንባሯን ያልባታል።

አንድ ቅዳሜ፣ ማንበብ የሚያስቸግራቸውን ሕፃናት ገና በጠዋቱ የሚለዩ ባለሙያዎች ሰፈራችን አዳራሽ መጡ። ችግር የተገኘባቸው ዓመቱን ሙሉ ከሰዓት በኋላ ለብቻቸው አስተማሪ ይመደብላቸዋል፣ ያውም በነፃ። ይህንን በድምፅ ማጉያ ሲናገሩ ሁላችንም ሰምተናል።

«ልጄን ደደብ ሊሉብኝ ነው?» አለች እህቴ። ልብስ ሰፊ ናት፤ መርፌዋን ደረቷ ላይ እንደሰካች ነው የመጣችው።

«ኧረ አንቺ ሴት፣ ሊረዱሽ ነው!» አልኳት።

«እትዬ፣ አንቺ ዝም በይ። ያንቺዎቹ ተምረው ወጥተውልሻል።»

እኔም ተከትያቸው ወደ አዳራሹ ገባሁ።

የሚነበበው ወረቀት ለሁሉም ልጅ አንድ ነው፤ የመፈተኛው ክፍል በር ደግሞ ከሙቀቱ የተነሣ ገርበብ ብሏል። እህቴ ቴፕን ብብቷ ሥር ሸጉጣ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። «ስሚ» አለቻት፣ «ደህና አድርገሽ ስሚ።» አንዱ ልጅ ገባ፣ ሌላው ገባ። ቴፕ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ሁሉንም ቀዳችው።

ተራዋ ሲደርስ ጣቷን ወረቀቱ ላይ እያስኬደች አንበለበለችው። ፈታኟ ገና ወጣት ናት፤ ፊቷ በራ። «ጎበዝ! ማን አስጠናሽ?»

«እማዬ!»

ደረቷ ላይ አረንጓዴ ኮከብ ለጠፉላት። እህቴ ኮከቡን እያሳየች ልጅቷን ሰፈሩን ሁሉ አዞረቻት።

ዓመቱ ሲጋመስ የክፍሏ አስተማሪ አዲስ መጽሐፍ ከፍታ «አንብቢ» አለቻት። ያልሰማችውን ከየት ታምጣ? ልጆቹ ሳቁባት። እህቴ የጀመረችውን ቀሚስ ጥላ ባለሙያዎቹ ቢሮ ሮጠች።

«ልጅሽ አልፋለች እኮ፣ እናት» አላት ኃላፊው።

«እኔ ነኝ ያሳለፍኳት! በጆሮዋ ነው ያለፈችው!»

«ቦታው ሞልቷል። ለከርሞ እንመጣ ይሆናል፤ ገና አልታወቀም።»

አሁን ቴፕ ከሰዓት በኋላ የዚያ የነፃ ትምህርት ክፍል መስኮት ሥር ነው የምትውለው። ትናንት እኔ እህቴ ቤት ቁጭ ብዬ እያለሁ እየሮጠች መጣች።

«እማዬ፣ የነሱን ትምህርት ልበልልሽ?»

ከዳር እስከ ዳር አለችው፤ አንድም አልሳተች። እጇ ላይ መጽሐፍ የለም። እህቴ ቀና ብላ አላየቻትም፤ የስፌት መኪናዋን መርገጥ ጀመረች፣ ጨርቅም ሳታስገባ፣ ጩኸቱ የልጅቷን ድምፅ እስኪውጠው ድረስ።