የምዕራብ ሸዋ ዋና በሽተኛ

ሰው የጉንፋን መድኃኒት ሰፈሩ ውስጥ ይገዛል። ለሚያፍርበት በሽታ ግን ሚኒባስ ይሳፈራል። የአምቦው ጌዶ ይመጣል፣ የጌዶው እጃጂ ይሄዳል፣ የእጃጂው ደግሞ የት እንደሚሄድ ራሱ ያውቃል። ጌዶ ላይ መድኃኒት ቤት ስይዝ መጀመሪያ የተማርኩት ይህንን ነው፤ ኮሌጅ ማንም አልነገረኝም።

ቀጣሪዬ ጋሼ ተድላ ከጊንጪ እስከ እጃጂ አምስት መድኃኒት ቤት አላቸው። ዓምና ከአዲስ አበባ አንድ ባለሙያ አመጡና የአምስቱንም መረጃ ክላውድ በሚሉት የኢንተርኔት ማከማቻ ላይ አንድ ቋት ውስጥ አስገቡት። እውነቱን ለመናገር ለዕቃው ነፍስ ነው። ድሮ ጌዶ መደርደሪያ ላይ ጊዜው አልፎበት የሚጣል መድኃኒት ጊንጪ ላይ ጠፍቶ ሰው ሲንከራተት ይውል ነበር፤ አሁን ስክሪን ላይ አይተን እንላላካለን። እስከዚህ ድረስ ጋሼ ተድላን አመሰግናለሁ። ከዚህ በኋላ ላለው ግን አላመሰግንም።

ዕቃው አልበቃቸውም፤ ሰውም ይግባ አሉ። ገዢ ሁሉ ስሙንና ስልኩን ይስጥ፣ ማን በየወሩ ምን እንደሚወስድ ካወቅን ቀድመን እናዘጋጃለን አሉ። እንዲህ ሲሆን የትኛውም ቅርንጫፍ የአንድን ሰው ስልክ ካስገባ፣ ሰውየው በየወሩ የሚወስደው መድኃኒት ስክሪኑ ላይ ይወጣል።

ያኔ ትዝ ያለችኝ ዘቢደር ናት። አምቦ አስተማሪ ናት። የሚጥል በሽታ አለባት፤ መድኃኒቷን ስለማታቋርጥ ከጣላት ዓመታት አልፈዋል። በየወሩ የእኛኑ የአምቦ ቅርንጫፍ በር አልፋ እኔ ዘንድ ድረስ የምትመጣው፣ አምቦ ካውንተር ላይ የምትቆመው፣ ድሮ እዚያው አብሬያት የሠራሁት ብርቅነሽ የእጮኛዋ የመልአኩ እህት ስለሆነች ነው። ስሟ ቋቱ ውስጥ ከገባ ወይ ሠርጉ ይቀራል፣ ወይ ፈርታ መድኃኒቱን ትተዋለች። ሁለተኛው ይብሳል።

ስለዚህ የራሴን ስምና የራሴን ስልክ አስገባሁላት። ከእሷ ቀጥሎ ጨብጥ የያዘው ሹፌር መጣ፤ እሱንም በእኔ ስም። እንቅልፍ ያጣውን ሰባኪ፣ የወንድነት ኪኒን የሚፈልገውን ነጋዴ፣ ሁሉንም በእኔ ስም። የሐኪም ማዘዣዎቹ ሕጉ እንደሚያዘው ተቆልፈው ተቀምጠዋል፤ ተቆጣጣሪ ቢመጣ አሳያለሁ። ለክላውዱ ግን እኔ ጊፍቲ እበቃዋለሁ አልኩ።

ነገሩ የፈነዳው በእናቴ በኩል ነው። እናቴ ወርቅቱ የደም ግፊት መድኃኒቷን ልትገዛ አምቦ ቅርንጫፍ ሄደችና፣ የሠራተኛ ቅናሽ እንዲደረግላት የእኔን ስልክ ሰጠች። ብርቅነሽ ስታስገባው የሚጥል በሽታ መድኃኒት በየወሩ እንደምወስድ አየች። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ እናቴን አቅፋ ሰው ፊት አለቀሰች።

«ኢንተላ ኮ፣ ማል ታቴ?» አለችኝ እናቴ በስልክ፤ ልጄ ምን ሆንሽ ማለቷ ነው። «እንዴት ከእናትሽ ትደብቂያለሽ? ቸርች ሁሉ እየጸለየልሽ ነው።»

«ደህና ነኝ እማዬ።»

«እንግዲያው የእኔ አይደለም በያቸው!»

እንዴት ብዬ? የእኔ ካልሆነ የማን ነው ይባላል፤ ብርቅነሽም ወር በወር ወደ ጌዶ የምትመላለስ አንዲት ሴት ታውቃለች። «ደህና ነኝ» ብቻ ብዬ ደገምኩላት። እናቴ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

በሳምንቱ ጋሼ ተድላ ከች አሉ። ብርቅነሽን ይዘዋት መጥተው መኪና ውስጥ ትተዋታል።

«አንቺ ልጅ፣ በሪፖርቱ መሠረት ምዕራብ ሸዋ ውስጥ እንዳንቺ ያለ በሽተኛ የለም። ጨብጥ አለብሽ። የወንድነት ኪኒንም ትውጫለሽ።»

«እየታገልኩት ነው ጋሼ።»

አልሳቁም። «ስንት የደከምኩበትን መረጃ አበላሸሽው። ወይ ትክክለኛውን ስም ታስገቢያለሽ፣ ወይ ቁልፉን ለብርቅነሽ ታስረክቢያለሽ።»

ብርቅነሽ እዚህ ልትቆም! ዘቢደር ያን በር ስትገፋ ታየኝ፤ ፍርሃቴም ወደ ንዴት ተለወጠ።

«ከዕቃዎ አንዲት ኪኒን አልተዛነፈችም» አልኳቸው። «የእኔ ስም ከእርስዎ ስክሪን ወጥቶ ቸርች ለመድረስ ሳምንት አልፈጀበትም። የእነሱ ቢሆን ኖሮስ? አላስገባም። ካባረሩኝም ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሄጄ፣ የሰው በሽታ አምስት ካውንተር ላይ እንደሚነበብ እናገራለሁ።»

ፊታቸው ጠቆረ። ይህን ጊዜ ብርቅነሽ መኪና ውስጥ መቀመጥ ሰልችቷት ገባች።

«አይዞሽ ጊፍቲዬ» አለችኝ እጄን ይዛ። «እኔ አልፈርድብሽም። ብቻ ለመልአኩ ጤነኛ ሚስት የሰጠን አምላክ ይመስገን ነው ያልነው።»

ደሜ ፈላ።

«አለብኝ፤ ታዲያስ? አምቦ ስንት ዓመት አብረን ሠራን፤ አንድ ቀን ስወድቅ አይተሻል?»

«አላየሁም።»

«አታዪም! መድኃኒቱን የሚውጥ ሰው እንደማንም ነው። ይሠራል፣ ያገባል፣ ይወልዳል፣ አለቃውንም ይጋፈጣል። በዚህ የሚያፍር ካለ በራሱ ይፈር!»

ጋሼ ተድላ እንደዋሸሁ ያውቃሉ። አንድ ቃል ቢተነፍሱ አልቆልኝ ነበር። ብርቅነሽን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ለአዲስ አበባው ባለሙያ ደወሉ። «የደንበኛው ነገር ካውንተር ላይ እንዳይታይ አድርገው» አሉት። «ጊዜ ይፈልጋል? እንግዲያው እስኪስተካከል ዝጋው።» ደህና ዋዪ እንኳ ሳይሉኝ ወጡ። ቁልፉን ግን አልጠየቁኝም።

አምቦ ላይ እስከ ዛሬ በሽተኛ ነኝ። ቸርች ስሄድ ከአጠገቤ ሸሸት የሚል አለ፤ ሆን ብዬ ጠጋ እላለሁ።

ዘቢደር በወሩ መጣች። «ብርቅነሽ ያልሻትን እራት ላይ አወራችው» አለችኝ። «መልአኩ ‹እውነቷን ነው፣ ምን ያሳፍራል?› አለ። በማግስቱ ነገርኩት።»

«ምን አለሽ?»

«መድኃኒትሽን ልትገዢ ስትሄጂ ለምን አብሬሽ አልሄድም አለኝ። ውጭ ቆሟል።»

በመስኮት አየሁት፤ ከጫማው ላይ ጭቃ እየጠረገ ነው። ዕንባዬ መጣ። ዘቢደር አገጯን ቀና አድርጋ፣ «ከእንግዲህ የራሴን ስምና ስልክ አስገቢ» አለችኝ።

«አሁን ዝግ ነው፤ ቢከፈትም አላስገባም» አልኳት። «አንቺ የነገርሽው ለመልአኩ ነው፤ ለአምስት ቅርንጫፍ አይደለም።»