ጡጫውን የጨበጠው ትርንጎ

ሰፈሩ ከኋላው «ሊቀ ትርንጎ» ይለዋል፤ ፊት ለፊት ግን ሁሉም «ጋሼ» ነው የሚለው። ሠላሳ ዓመት የጉምሩክ ፈታሽ ሆኖ ወደቡ ላይ የሰው ሻንጣ ሲበረብር ኖሮ ጡረታ በወጣ በሳምንቱ ይህ የፍራፍሬ አባዜ ያዘው። ከዚያ ወዲህ ከባሕሩ ሁለት መቶ እርምጃ የማይርቀው ጓሮ መላ ቅጡ ጠፋ። ሥጋው ደም የሚመስል ብርቱካን፣ ሲቆርጡት እንደ ዶቃ የሚበተን ሎሚ፣ የሕፃን ጭንቅላት የሚያክል ስሙ የማይያዝ ፍሬ፤ ሁሉም በየበርሜሉ ተተክሎ አንገቱ ላይ ስሙ የተጻፈበት ካርድ ተንጠልጥሎለታል። ሚስቱ በጓሮዋ ልብስ ማስጣት ከተከለከለች ስድስት ዓመቷ ነው።

የሁሉም ቁንጮ ባለ ጣቱ ትርንጎ ነበር። ፍሬው እንደ ሌላው ክብ አይደለም፤ እንደ ሰው እጅ ጣት በጣት ሆኖ ነው የሚያድገው። አይጨመቅ፣ አይላጥ፤ ሽታው ግን ቤት ይሞላል ይባልለታል። ሰውዬው ችግኙን በመርከብ አስመጥቶ የተከለ ቀን የበኩር ልጁ ስትወለድ ያላሳየውን ደስታ አሳየ።

ሚስትየዋ የችግኝ ነጋዴ ልጅ ናት። ከአንዱ ዛፍ እምቡጥ አንስቶ በሌላው ቅርፊት ውስጥ መሸጎጥን፣ ማዳቀልን፣ አባቷ ገና በልጅነቷ አስተምሯታል። ባሏ ይህን ያውቃል። ያውቃል ማለት አንድ ጊዜ ተነግሮታል።

በመጀመሪያው ዓመት የገዛው የአትክልት መጽሐፍ «ከርክም» ስላለው ከባለ ጣቱ ትርንጎ አንድ ደህና ቅርንጫፍ ቆርጦ ጣለ። እሷ ከመሬት አነሳችው። የአባቷን ቢላዋ ከመሳቢያ አውጥታ አንዷን እምቡጥ በአሮጌው ሎሚዋ ላይ አዳቀለችና በጨርቅ ጠቅልላ አሰረቻት። ደህና እንጨት ሲጣል ማየት አትችልም፣ በቃ።

በሁለተኛው ዓመት ጨው ያዘለ የባሕር ነፋስ ባለ ጣቱን አቃጠለው። ሰውዬው ሦስት ቀን ጢሙን ሳይላጭ ከረመ። ከወር በኋላ ግን ከግንዱ ግርጌ አረንጓዴ ቡቃያ ብቅ ሲል ሰፈሩን በጩኸት አናጋው።

«ተነሣ! ከሞት ተነሣ!»

ሚስቱ መጥታ ጎንበስ ብላ አየችው። ቅጠሉ ሦስት ሦስት ሆኖ ነው የወጣው፤ እሾሁ የጆንያ መስፊያ መርፌ ያክላል።

«ይሄ እኮ ትርንጎው አይደለም» አለችው። «ትርንጎው ሞቷል። ይሄ የተዳቀለበት፣ ከሥር ያለው የእሾህ ዘር ነው።»

«አንቺ ሎሚሽን እወቂ!» አላት።

እሱ አራት ዓመት ሙሉ እሾህ ሲያጠጣ፣ ለእሾህ ፍግ ሲገዛ፣ በነፋስ ቀን ለእሾህ የራሱን ካፖርት ሲያለብስ በኩሽና መስኮት እያየች ሣቋን ዋጠች። እውነቱን ለመናገር ሁልጊዜ አልዋጠችውም።

ሎሚው ግን ሌላ ነገር ነበር። የተጋቡ ሰሞን አባቷ በገዛ እጁ በአጥሩ ጥግ የተከለው ነው። ያሳለውም፣ ዓሣ የገዛውም ጎረቤት በሩን አንኳኩቶ ከሱ ይወስዳል፤ እሷም ከአባቷ የቀራት እሱ ብቻ ስለሆነ ትወደዋለች። ሰውዬው ደግሞ «ተራ ዛፍ» ይለዋል። በዚህ ዓመት እሾሁ ሲያፈራ የልብ ልብ ተሰማውና መጋዝ ገዝቶ መጣ።

«ቅዳሜ ማኅበርተኞቼ ፍሬውን ያዩልኛል። እሁድ ሎሚው ይወርዳል፤ ለትርንጎዬ ፀሐይ ከልክሏል።»

ለምና የማታውቅ ሴት ለመነችው። ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ደግማ ግን አልለመነችም። ሎሚው አናት ላይ፣ በቅጠል መሃል፣ እሷ ብቻ የምታውቀው ነገር ነበር። መሸፈን እንኳ አላስፈለጋትም፤ ባሏ ወደዚያ ዛፍ ቀና ብሎ ካየ ዓመታት አልፈዋል።

ቅዳሜ ከሰዓት የብርቅዬ ፍራፍሬ ማኅበር አባላት ከነባርኔጣቸው መጡ። ጡረተኛው ዳኛ ሊቀመንበር ናቸው፤ ጥርስ ሐኪሙ ጸሐፊ፤ የባንኩ ሰውዬ ደግሞ ባንክ ስላለው አባል ነው። ሦስቱም በእሾሁ ዙሪያ ቆሙ። ፍሬው ሎሚ እንኳ የማያክል፣ ድብልብል ያለ፣ ፀጉራም ነገር ነበር።

«ጣቶቹ የት አሉ?» አለ ጥርስ ሐኪሙ።

ባልየው ጉሮሮውን ጠረገ። «የመጀመሪያ ፍሬው ስለሆነ ጡጫውን ጨብጦ ነው። በሚመጣው ዓመት ይፈታዋል።»

ሐኪሙ ይህን በማስታወሻው ላይ ጻፈ። ዳኛው ከፍሬው አንድ ስንጣቂ ቀመሱና ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ክብር ያለው ምሬት ነው» አሉ።

የባንኩ ሰውዬ «እውነት ነው፣ ክብር አለው» ብሎ የቀመሰውን በመሃረቡ ውስጥ ተፋው።

ሴትዮዋ ከኩሽናው በር ላይ ሣቋ አመለጣት። አራቱም ዞረው አዩዋት። እሷም ቀጥ ብላ ወደ ሎሚው ሄደች፣ የፍሬ ማውረጃውን ቆልማማ ዘንግ አነሳችና ከአናቱ አንዱን ቅርንጫፍ ጎትታ አወረደች።

«ጡጫውን የፈታው እዚህ ነው» አለች።

ሦስት ቢጫ እጆች፣ ጣታቸውን ዘርግተው፣ ከተራው ሎሚ ላይ ተንጠልጥለዋል። ሽታቸው ግቢውን ሞላው። የባንኩ ሰውዬ እንኳ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ይህን ማን አዳቀለው?» አሉ ዳኛው፤ ጥያቄው ለእሷ አልነበረም፣ ባሏን ነበር የሚያዩት።

ባልየው ቅርንጫፉን አየ፣ እሾሁን አየ። ዓይኑን በጨው አጠበ። «ያው... ለመጠባበቂያ ያዳቀልኩት ነው። አንዱ ቢሞት ብዬ።»

አፏን ልትከፍት ነበር። መጋዙ ከአጥሩ ጋር ተደግፎ ቆሟል። ሠላሳ አንድ ዓመት አብራው ኖራለች፤ በሰው ፊት ካዋረደችው እነዚህ ሰዎች ከበሩ ሳይርቁ ዛፉ መሬት ላይ እንደሚሆን ታውቃለች።

«እሱ ነው» አለች። «እጁ ወርቅ ነው።»

«እንግዲያው ይህን ሎሚ በማኅበሩ መዝገብ እናስገባዋለን» አሉ ዳኛው። «ማንም ቅጠሉን እንዳይነካ!»

«ማንም አይነካውም!» አለ ባልየው፤ እሱ ራሱ ዛፉን ለመከላከል ስድስት ዓመት የተዋጋ ይመስል።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ካርድና እስክሪብቶ ይዞ ኩሽና ገባ። እሷ ሰሃን እያጠበች ነው።

«ስሚማ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «መቼ ነበር ያዳቀልኩት?»

ዞር ብላ እንኳ አላየችውም። «የመጀመሪያውን ቅርንጫፍ ቆርጠህ የጣልክ ቀን። ከሰዓት በኋላ።»

ጻፈ። «በምን ቢላዋ?»

«በአባቴ።»

እስክሪብቶው ትንሽ ቆመ። ከዚያ ሰውዬው ጎንበስ ብሎ፣ በጥንቃቄ፣ «በአማቴ ቢላዋ» ብሎ ጻፈ።