ሰው አይቆጠርም

በ2003 ዓ.ም. ከቆቦ ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ የጉድጓድ ውሃ የሚከፋፈሉ ገበሬዎች ማኅበር የኮምፒዩተር ባለሙያ አድርጎ ቀጠረኝ። ባለሙያ ያልኩት እነሱ ስላሉኝ ነው። ሥራዬ የውሃውን ተራ ከመዝገብ ወደ ኮምፒዩተር መገልበጥ ነበር። ሁለት ሠንጠረዥ ሠራሁ፤ አንዱ የገበሬዎቹ፣ ሌላው የተራዎቹ። ሁለቱን የሚያገናኝ ነገር ያስፈልግ ስለነበር ለየሰዉ ቁጥር ልስጥ ብዬ በስብሰባ ላይ አነሳሁ።

ተራ የሚያስከብሩት የውሃ አባት አያ ውዱ ከመቀመጫቸው ተነሱ።

«ሰው አይቆጠርም! ልጅም ከብትም አይቆጠርም፤ የተቆጠረ ይጎድላል።»

ጉባዔው አጉረመረመ። እኔም ፈራሁና ሠንጠረዦቹን በስም አገናኘኋቸው፤ በራሱ፣ በአባቱ፣ በአያቱ ስም፣ ሲመሳሰሉብኝ ደግሞ በቅድመ አያት።

መረጃውን በኮምፒዩተር የምትጽፈው መይሙና ነበረች። በማግስቱ ወንበሯን ወደ እኔ አዙራ፣ በስሜ ጠርታ «እንዳለው፣ ሰው ካልተቆጠረ ማሳው ይቆጠራ። መሬት ቢቆጠር አይጎድልም» አለችኝ። ሳቅኩባት። አሥረኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ ዲፕሎማ ላለው ሰው ምክር ትሰጣለች! አልዋሽም፣ ያሰብኩት እንዲህ ነበር።

የዕለቱ ተራ ዝርዝር ውሃውን የሚስበው ሞተር ከመነሳቱ በፊት፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መታተም አለበት። መጀመሪያ ላይ አንድ ብርጭቆ ሻይ ሳልጨርስ ይወጣ ነበር። ዓመት አልፎ የተራው መዝገብ ሲበዛ ግን ግማሽ ሰዓት፣ ከዚያም አንድ ሰዓት ይፈጅ ጀመር። አንድ ቀን ሦስት ሰዓት ሆኖም አልወጣም። ሲወጣ ደግሞ መብራት ጠፋ፤ በመብራት የሚሠራው ሞተርም ሳይነሳ ቀረ። የዚያን ቀን ተራው ሽንኩርት የተከለው የአራጌ ነበር። ቀጣዩ ተራው እስኪደርስ ሽንኩርቱ ተቃጠለ።

አራጌ የደረቀውን ሽንኩርት በማዳበሪያ ተሸክሞ መጥቶ ጉባዔው ፊት ዘረገፈው። «ማነው ይሄን ያደረገ?» አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባል የለ? «መረጃው ተበላሽቷል» አልኩ። «ስትጽፍ እየደጋገመች፣ እያሳሳተች አበላሽታዋለች።» ስሟን እንኳ አልጠራሁም፤ ግን ጸሐፊዋ አንድ ናት። ሰደቧት። አራጌማ «የልጆቼን ጉርሻ ነው የነጠቅሽው!» አላት። መይሙና እኔን ብቻ ታይ ነበር። እኔ ጫማዬን አየሁ። በማግስቱ የውሃ ጎማ እንድታድል ወደ መጋዘን አዛወሯት።

ዝርዝሩ ግን እሷ ከሄደችም በኋላ አልፈጠነም። ኮምፒዩተሩን አጸዳሁት፣ ሜሞሪ ጨመርኩለት፣ ምንም የለም። በመጨረሻ አንዱን ሠንጠረዥ ለብቻው ብጠይቀው ወዲያው መለሰልኝ። ሌላውም እንደዚያው። የሚንቀራፈፈው ሁለቱን አንድ ላይ ስጠይቀው ብቻ ነበር። ለእያንዳንዱ ተራ ያንን ረጅም የዘር ሐረግ ይዞ ገበሬዎቹን ከላይ እስከ ታች አንድ በአንድ ይፈልጋል፤ ደግሞም ከላይ ይጀምራል። ለማሳዎቹ ቁጥር ሰጠሁ፣ ሠንጠረዦቹን በቁጥሩ አገናኘሁ፣ ቁጥሩን ቶሎ የሚያገኝበት ማውጫም አበጀሁለት። በአራት ሰከንድ ወጣ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። የመይሙና ሐሳብ ነው።

ጉባዔው በተጠራ ዕለት ሊቀመንበሩ «ልጃችን እንዳለው በጥበቡ ለማሳ ቁጥር ሰጥቶ ታደገን» አለ። ተጨበጨበልኝ። አያ ውዱ እንኳ «ማሳማ ይቆጠር፣ ምን ገዶን» ብለው መረቁኝ። ከኋላ በኩል መይሙና ቆማለች። እሷም አጨበጨበች። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! ግን ጭብጨባውን ጎንበስ ብዬ ተቀበልኩ።

ስብሰባው ሲያልቅ መጋዘን ድረስ ተከትያት ሄድኩ።

«መይሙና፣ በድዬሻለሁ። ይቅር በይኝ።»

ጎማ ትጠቀልል ነበር፤ ቀና አላለችም። «ስታዋርደኝ ሰው ሁሉ ይሰማ ነበር። ይቅርታውን ብቻዬን ነው የምሰማው?» አለች።

ሮጥኩ። ገበሬዎቹ ገና ከተሰበሰቡበት ግራር ሥር ነበሩ፤ አንዳንዱ አህያውን ይፈታል። «አንዴ ስሙኝ!» አልኩ። «ማሳው ይቆጠር ያለችኝ መይሙና ናት። ዓመት አልፎታል። እሷ ያበላሸችው ነገር የለም። አራጌ፣ ሽንኩርትህን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ።»

ያጨበጨበ የለም። አራጌ የአህያውን ገመድ እንደያዘ ቀረ። አያ ውዱ ቀስ ብለው መጥተው ፊቴ ቆሙ።

«እና ያን ዕለት ያችን ልጅ ስንሰድባት፣ እያወቅህ ነው ዝም ያልከው?»

«እሷ እንዳላበላሸችው አውቅ ነበር» አልኩ።