ያመነታው ካምቢዮ

ሰፈሩ ሁሉ «ካምቢዮ» ነው የሚለው። ቅጽል ስሙን ያገኘው በሥራው ነው፤ የከባድ መኪና ካምቢዮ፣ ማለትም የማርሽ ሳጥን፣ ብቻውን አውርዶ፣ በትኖ፣ ገጥሞ፣ ብቻውን የሚሰቅል መካኒክ ነበር። መኪና ስር ተኝቶ ሳለ ጋራዡ በር ላይ ማርሽ ሲቀየር ይሰማና፣ የመኪናውን ቀለም እንኳ ሳያይ «ሦስተኛው ጥርሱን ጨርሷል፤ አስገባው» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው። ልክ መሆን ደግሞ ሱስ ነው፤ አንዴ ከለመዱት «እንጃ» የምትባለዋ ቃል ከአፍ አልወጣ ትላለች።

አውቶማቲክ ካምቢዮ ሲመጣበት «አልወደውም» ይል ነበር። እውነቱን ለመናገር አያውቀውም። ማርሽ ገፍተህ፣ ፍሪሲዮን ለቀህ፣ ጥርስ ከጥርስ ሲገናኝ በመዳፍህ የምትሰማው ነገር የለም። ኮምፒውተሩ ይወስናል፣ ዘይቱ ይገፋል፣ ማርሹ ይቀየራል። ሾፌሩ እንደ እንግዳ ተቀምጦ ያያል።

ታላቅ እህቱ ችግኝ አፍልታ የምትሸጥ ሴት ናት። አሮጌው ፒክአፕ እጇ ላይ ሲሞትባት አውቶማቲክ የሆነ፣ አዲስ ባይሆንም አዲስ የሚመስል ሌላ ፒክአፕ ገዛች። አንድ ማለዳ ችግኝ ከመጫኗ በፊት ይዛው ጋራዡ መጣች። ካምቢዮ የአንድ የጭነት መኪና ካምቢዮ በትኖ እጁ እስከ ክርኑ ዘይት ነበር፤ ባለመኪናው ደግሞ እንደ ፈታኝ ከአናቱ ላይ ቆሞ ነበር።

«ምን ሆነሽ ነው እትዬ?»

«እኔ ምን እሆናለሁ፣ መኪናው ነው እንጂ። ያስባል።»

«ምን?»

«ያስባል ስልህ! ነዳጅ እረግጣለሁ፣ እሱ ቁጭ ብሎ ያስባል። ሐሳቡን ሲጨርስ ከኋላው በእርግጫ እንደተመታ ብድግ ይላል።»

ባለመኪናው ሳቀ። ካምቢዮም ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም።

«ስማኝማ። ጠዋት ስነሳ ምንም አይልም። ጭኜ ዳገቱን ወጥቼ፣ አራግፌ ስመለስ ነው የሚያመጣብኝ። መስቀለኛ መንገዱ ላይ ስደርስ፣ ሳልቆም ቀስ ብዬ ልግባ ስል።»

እዚያ ላይ ነበር መስማት የነበረበት። ሲቀዘቅዝ ደህና፣ ሲሞቅ የሚያመነታ፤ በሽታውን ከነምልክቱ አምጥታ እጁ ላይ አስቀምጣለት ነበር። እሱ ግን ባለመኪናው ፊት «እንጃ» ማለት ሞት መሰለው።

«እትዬ፣ የዘንድሮ መኪና እንዲህ ነው» አለ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ይሄ ስምንት ማርሽ ነው ያለው። የትኛውን ልስጣት እያለ ነው የሚያመነታው። ደግሞ የሾፌሩን እግር ይማራል፤ ገና አልተላመዳችሁም። አንቺ እንደ ድሮው መኪናሽ ነው የምትረግጪው። ቀስ አድርገሽ ርገጪው።»

ከሰው የለቀመው ወሬ ነው። ሙሉ በሙሉ ውሸት ስላልሆነ አንደበቱ ላይ አልከበደውም። ለይምሰል ያህል ቁልፉን ተቀብሎ ሰፈሩን አንድ ዙር ዞረበት፤ መኪናው ገና አልሞቀም፣ ባዶ ነው፣ እንደ ቅቤ ሄደለት።

«ምንም የለበትም። ካንቺ ይሻላል» አላት ሲመለስ።

«እንግዲህ አንተ ካልክ» አለችና አስነስታ ሄደች።

ሳምንት ሳይሞላ ያ ነገር ደረሰ። ከሰዓት በኋላ ነበር። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው፤ ክርና ቁልፍ ሊገዛ አብሯት ወጥቶ፣ ችግኙን አራግፈው ሲመለሱ ጎኗ ተቀምጧል። መስቀለኛው ላይ ስትደርስ ከቀኝ አንድ ዳቦ ጫኝ መኪና ይመጣል፤ ሩቅ ነው፣ መንገዱ ይበቃታል። ረገጠች። ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናው ግን መንገዱ መሀል ላይ ቀረ። ዳቦ ጫኙ ፍሬን ቢይዝም መቆም አልቻለም። የባሏን በር ነው ያገኘው።

ካምቢዮ ሆስፒታል ሲደርስ እህቱን ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኛት። ከግንባሯ ጭረት በቀር ደህና ነበረች። ባሏ ጭኑና ዳሌው ተሰብሮ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገብቷል። ልጆቻቸው ገና አልደረሱም።

«እግሬ ነው» አለችው ሳታየው። «አንተ ነግረኸኝ ነበር። ቀስ አድርጊ ብለኸኝ ነበር። እኔ ደንብሬ እንደ ድሮው ረገጥኩት።»

ካምቢዮ አፉን ከፈተ። በዚያች ቅጽበት ልቡ ውስጥ አንድ ነገር ቀለል ሲለው ተሰማው፤ ቆይቶ ከሁሉ ያንገበገበውም ያ ነበር። እህቱ ጥፋቱን አንስታ ራሷ ላይ ስትጭነው እሱ ተንፈስ አለ።

«አይዞሽ እትዬ» አላት።

ፒክአፑ ተጎትቶ ጋራዡ መጣ። በሩ ተጨራምቷል እንጂ ሞተሩም ካምቢዮውም ይሠራል። ካምቢዮ ለሠራተኞቹ «በሩን እንሠራለታለን» ብሎ ጥግ አስቆመው፤ ባለፈ ባገደመ ቁጥር ግን ዓይኑ እዚያው ይሄዳል። አንድ ከሰዓት ሠራተኞቹን ምሳ ልኮ አሸዋ በጆንያ ጫነበት፣ የተጨማደደውን በር በገመድ አሰረና እህቱ የምትሄድበትን ዳገት ወጣ። አራግፎ ወረደ። ከመጋዘኖቹ ጀርባ ሰው የማይሄድበት መንገድ አለ፤ እዚያ ቀስ ብሎ፣ ሳይቆም፣ ልክ እሷ እንዳለችው ተንቀራፈፈና ነዳጁን ረገጠ።

ምንም።

ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው አይሄድም። ሰው ስሙን ተጠርቶ «አቤት» እስኪል ያህል ጊዜ። ከዚያ ከኋላው በእርግጫ እንደተመታ ብድግ አለ፤ የካምቢዮ ጭንቅላት ከመደገፊያው ጋር ተጋጨ። ደገመው። ሠለሰው። በመጨረሻ ሞተሩን አጥፍቶ መሪው ላይ ተደፋ። እግሯ ምንም አላጠፋም። እሱ ራሱ በሰለጠነ እግሩ ቢረግጠውም ያው ነው።

ጋራዡ መልሶ ከስር ሲገባ ነገሩ ተደብቆ እንኳ አልነበረም። የካምቢዮውን ዘይት ወደ ማቀዝቀዣው የሚወስደው ቱቦ መጋጠሚያው ላይ ረጥቧል፤ አቧራ ተለጥፎበት ጥቁር ጭቃ ሠርቷል። ውስጡ ያለው የጎማ ቀለበት ደርቆ ተሰንጥቋል። ዘይቱ ቀስ በቀስ እየጎደለ፣ የቀረው ሲሞቅ ደግሞ እየቀጠነ፣ ማርሹን የሚገፋው ጉልበት አጥቷል። ያን ማለዳ መኪናው ስር ገብቶ ቀና ቢል ኖሮ ያየው ነበር። ለማየት አውቶማቲክ ማወቅ አያስፈልግም፤ አንገት ማጠፍ ብቻ ነው።

ቀለበቱን ቀየረ፣ ዘይቱን አፍስሶ በልኩ ሞላ፣ ዳገቱን ወጥቶ ወረደ። እንደተረገጠ ሄደ። ደስ ይለኛል ብሎ ነበር። ወደ ቤቱ ገብቶ ሚስቱ ያቀረበችለትን እራት «ጠግቤያለሁ» ብሎ ተወው።

ለእህቱ የሚነግርበትን ቀን ግን ገፋው። ጋሼ፣ የእህቱ ባል፣ ከሆስፒታል ይውጡ አለ፤ ወጡ። በክራንች ይቁሙ አለ፤ ቆሙ። በየጊዜው ፍራፍሬ ይዞ ይሄዳል፣ አልጋውን ወደ ሳሎን ያመጡት እሱና የጎረቤት ሰዎች ናቸው፣ መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ መያዣ ብረት በየደው። እህቱ በመረቀችው ቁጥር አንገቱን ይደፋል። «ወንድም ይሉሃል እንዲህ ነው» ትለዋለች ለጠያቂው ሁሉ። እሷ መንዳት ትታለች። ችግኙን በሰው ጋሪ እያስገፋች ታደርሳለች፤ ግማሹ መንገድ ላይ ይጠወልጋል።

አንድ ቀን እሷ ገበያ ወጥታ ካምቢዮና የእህቱ ባል ብቻቸውን ሆኑ። ልብስ ሰፊው ትራስ ተደግፎ የሰው ኮት ቁልፍ በእጁ ይተክላል።

«መኪናውን ይሽጥልኝ ብላለች፣ ነገረችህ?» አለው።

«አልነገረችኝም ጋሼ።»

«እኔ እድናለሁ። ሐኪሙም ብሎኛል፣ አጥንቱም እየተባለ ያለውን ሰምቷል መሰለኝ እየገጠመ ነው።» ክሩን በጥርሱ በጠሰ። «የማትድነው እሷ ናት። ሰው ሲተኛ ተቀምጣ እግሯን ታያለች። አንድ ቀን ‹ይሄ እግሬ በተቆረጠ› ስትል ሰማኋት። ምን እንደምላት ጠፋኝ። አንተን ትሰማለች፤ እስቲ አናግራት።»

ካምቢዮ እዚያ መቀመጥ አልቻለም። ከቤት ወጥቶ ችግኝ ማፍያው በር ላይ እህቱን ጠበቃት። መጣች፣ ዘንቢሏን አስቀመጠች፣ ጊዜ ላለማባከን አፈር በፕላስቲክ መሙላት ጀመረች። እሱም አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ እጁን አፈሩ ውስጥ ከተተ።

«እትዬ፣ እግርሽ አይደለም።»

«ምኑ?»

«አደጋው። ካምቢዮው ነው። የጎማ ቀለበቱ ደርቆ ዘይት ያፈስ ነበር። አንቺ ሲሞቅ ነው ብለሽ ነገርሽኝ፣ እኔ አልሰማሁሽም። አላውቅም ማለት አፍሬ አዲስ መኪና እንዲህ ነው አልኩሽ። ራሴ ጭኜ ሞክሬዋለሁ። ማንም ቢረግጠው ያው ነበር የሚሆነው።»

እጇ አፈሩ ውስጥ ቆመ።

«መቼ ነው የሞከርከው?»

«መኪናው እንደመጣ… ብዙም ሳይቆይ።»

«ጋሼህ ሆስፒታል ሳሉ?»

«አዎ።»

ብድግ አለች። «እኔ እኮ ባጠብኩት ቁጥር ይቅርታ እለው ነበር። ሳጎርሰው ይቅርታ፣ ሳገላብጠው ይቅርታ። አንተ እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ ብለህ! ቀለበቱ ይለቅ፣ የጎማ ነገር ነው፤ ዘይቱም ይፍሰስ። አለማወቅህንም ይቅር እልሃለሁ፤ ሰው ነህ። ስታውቅ ግን ዝም አልከኝ። ለልጆቼ አባታችሁን እኔ ሰበርኩት ብያቸዋለሁ። አንተ ሰምተህ ብርቱካን ትልጥ ነበር!»

«ፈራሁ እትዬ።»

«ፈራህ። እኔስ?»

አፈር በያዘ እጇ ወደ ቤቱ አመለከተችው። «ግባና ለእሱም በአፍህ ንገረው። እኔ መልእክተኛህ አይደለሁም።»

ገብቶ ነገረው። ልብስ ሰፊው ኮቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ከዚያ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«እግሯ ልክ ነበር?»

«ልክ ነበር ጋሼ። መንገዱም ይበቃት ነበር።»

«አንቺ!» ብሎ ጮኸ ወደ ውጭ። «ሰማሽ?»

«ሰምቻለሁ!» አለች ከደጅ።

ልብስ ሰፊው ወደ ካምቢዮ ዞረ። «እኔን በድለኸኛል፤ ይሄን አልደብቅህም። እሷን ያህል ግን አይደለም። በል አሁን ሂድ፤ ብቻዬን ተወኝ።»

በማግስቱ ካምቢዮ ትራፊክ ፖሊስ ዘንድ ሄዶ ቃሉን ሰጠ። እህቱ ያኔ ለፖሊስ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብላ ነበርና፣ መኪናው ብልሽት እንደነበረው፣ ደህና ነው ብሎ የመለሰውም እሱ እንደሆነ ተናገረ። ተረኛው ፖሊስ የራሱ ደንበኛ ነው። «ካምቢዮ፣ ራስህ ላይ ነው እኮ የምትመሰክረው» አለው። «አውቃለሁ፣ ጻፈው» አለ። ዳቦ ጫኙን ሾፌር ፈልጎ ለእሱም ነገረው፤ ሰውየው ሰድቦት ሲያበቃ ግራ ገብቶት ዳቦ ጋበዘው። ወሬው ሰፈሩን ዞረ። አንዳንዱ ደንበኛ ቀረ፤ አንዳንዱ መጥቶ «እውነት አላውቅም አልክ?» እያለ አፌዘበት።

እህቱ ወዲያው አልነዳችም። መኪናው በሩ ተሠርቶ ደጇ ላይ ቆሞ ሰነበተ። አንድ ጠዋት ባሏ ክራንቹን ይዞ ወጣና ሳይጠይቃት በአዲሱ በር በኩል ገብቶ ተቀመጠ። «ክር አልቆብኛል» አላት። ቁልፉን አዙራ አስነሳች። መስቀለኛው ላይ ስትደርስ ሙሉ በሙሉ ቆማ፣ ግራ ቀኝ አይታ፣ ከኋላዋ ያለው ጥሩንባ እስኪያቀልጠው ጠብቃ ነው የገባችው። ገባች ግን።

ካምቢዮ ይህን የሰማው ከባሏ ነው። እሷ ዘግታበት የነበረውን በር ገርበብ አድርጋለታለች፤ ሲመጣ ውሃ ታቀርባለች፣ የልጆቹን ደህንነት ትጠይቃለች፣ ምርቃቱ ግን ቀርቷል። ፒክአፑን ደግሞ ለአገልግሎት ወደ እሱ አታመጣም። ከጋራዡ ዝቅ ብሎ አውቶማቲክ ላይ የሚሠራ ሌላ ሰው አለ፤ እዚያ ነው የምትወስደው። ካምቢዮ መኪና ስር ተኝቶ ሳለ የፒክአፑን ሞተር ድምፅ በሩቁ ይለየዋል። ድምፁ ይቀርባል፣ በሩ ጋ ይደርሳል፣ ማርሹ ሳያመነታ ይቀየርና ያልፋል። ካምቢዮም እስኪርቅ ድረስ መፍቻውን እንደያዘ ያዳምጣል።