ይህ አቤቱታ የማይመለከታቸው

ንጋትወርቅ ጠረጴዛዋን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገች። ጨርቁን አጥባ እስክትመለስ ጠረጴዛው እንደገና አቧራ ለብሶ ነበር። እስክሪብቶዎቹን፣ የጣት አሻራ ማስነሻውን ቀለም፣ የባዶ ወረቀቱን ክምር አንድ በአንድ እያነሳች ወለወለችና፣ ክምሩን ንፋስ እንዳይወስደው ድንጋይዋን መልሳ ጫነችበት። ከአዋሽ ወደ ጅቡቲ የሚያልፈው ተሳቢ ሁሉ አቧራውን የሚያራግፈው እዚህ በረንዳ ላይ ነው። ቢሆንም እንደ ሰሞኑ ከፍቶ አያውቅም። ሦስት ቀኑ ነው፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው ፖስታ ቤት ከተዘጋ ጀምሮ።

"ሸለቆ መልእክት" የሚባል የግል ድርጅት ነው፤ ከአዋሽ እስከ ሰመራ ደብዳቤና ጥቅል ያመላልሳል። ከተማው ግን ፖስታ ቤት ነው የሚለው። አራቱ ሠራተኞቹ ሥራ አቁመው በሩ ፊት ካለው የኒም ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። ደመወዛቸው ሦስት ዓመት ሙሉ ፈቀቅ አላለም፤ የበረሃ አበሉ ተቋርጧል። የድርጅቱ መኪና ከተበላሸ ወዲህ ደግሞ ደብዳቤ አመላላሹ አብዱልአዚዝ የሚጓዘው ከከረጢቶቹ ጋር በጭነት መኪና አናት ላይ ነው። ባለፈው ወር አዳይቱ አጠገብ ፀሐይ መትቶት፣ ራሱን ስቶ ተሸክመው አወረዱት።

ንጋትወርቅ ማመልከቻ ጸሐፊ ናት። በዚህ በረንዳ ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው ጉዳይ ስትጽፍ፣ ከመጀመሪያው ዓመት በቀር፣ ከአንድ ሕግ ወጥታ አታውቅም። ባለጉዳዩ ያለውን ትጽፋለች፤ የራሷን ቃል አትጨምርም፤ ሳይነበብለትም ማንም አይፈርምም። በጀመረችበት ዓመት አንድ ሽማግሌ ሳይነበብላቸው ጣታቸውን አሳርፈው ቤታቸውን ለወንድማቸው ልጅ አሳልፈው ሰጥተዋል። ያን ወረቀት የጻፈችው እሷ ነበረች።

"ንጋት፣ ብዕርሽን አንሺ! ዛሬ የእጅ ጽሑፍሽ ሰመራ ይገባል።"

ደምመላሽ ነው፤ ከጀርባዋ ያለው የመኪና መለዋወጫ ሱቅም በረንዳውም የእሱ ናቸው። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ላቡን በመሐረብ ጠረገ።

"የሰመራው ሥራ አስኪያጅ ትናንት ደውሎልኛል። ሕዝቡ በጽሑፍ ካመለከተ ዛሬውኑ ሠራተኞቹን አባርሮ ሌላ ይቀጥራል። ያለ ሕዝብ ፊርማ ግን አይደፍርም። በሰባት ሰዓቱ ሚኒባስ እንልካለን።"

እሱ ተናገረ፤ እሷ ጻፈች። ጽፋ ስትጨርስ አነበበችለት፦ "እኛ የአዋሽ ከተማ ነዋሪዎች፣ የፖስታ ቤቱ ሠራተኞች ሥራ በማቆማቸው ጉዳያችን ስለተጓተተብን፣ ሠራተኞቹ ተሰናብተው በሌሎች እንዲተኩልን እናመለክታለን።"

"ይኸው ነው! ለፊርማው ሌላ ወረቀት አስምሪለት።"

"ከጀርባው ይበቃል፣ ጋሼ። ሁለት ወረቀት ይጠፋፋል።"

ደምመላሽ አንደኛ ሆኖ ፈረመና ሰው ሊጠራ ሄደ።

መጀመሪያ የመጣችው ልብስ ነጋዴዋ ሰኢዳ ናት። "ንጋትዬ፣ የቱ ጋ ነው? ቶሎ በይ፣ ሱቁን ክፍት ትቼ ነው የመጣሁት።"

"መጀመሪያ ላንብብልሽ።"

"የማውቀውን ምን ታነቢልኛለሽ! ዕቃዬ ሰመራ ተቀምጦ እኔ እዚህ ለደንበኛ ነገ፣ ከነገ ወዲያ እላለሁ። ይባረሩ!"

ንጋትወርቅ አነበበችላት። ሰኢዳ እስክሪብቶውን እንደያዘች ቆመች።

"ሠራተኞቹ ሲል… ሙኒያም አለችበት?"

"መስኮቱ ላይ የምትሠራው? አለችበት።"

"አረ ወላሂ አይሆንም! አራስ ሆኜ ጥቅሌን ቤቴ ድረስ ያመጣችልኝ እኮ እሷ ናት። ሙኒያን ሳትነኪ ጻፊው።"

ንጋትወርቅ ከሰኢዳ ስም ጎን "ሙኒያን አይመለከትም" ብላ ጻፈች። ሰኢዳ ፈርማ እየሮጠች ተመለሰች።

የተሳቢ ሹፌሩ ቢያድግልኝ ሞተሩን ሳያጠፋ ወርዶ መጣ። "የታደሉ ናቸው እቴ! እኔ ሥራ ባቆም ማን ልብ ይለኛል? ሚስቴ ራሷ 'ደግሞ ቤት ልትውል ነው?' ብላ ነው የምታለቅሰው። የታደሰው መንጃ ፈቃዴ እዚያ ውስጥ ተቆልፎበት በየኬላው እየለመንኩ ሰነበትኩ። አንብቢ፣ አንብቢ፣ ሕግሽን አውቃለሁ።"

አነበበችለት። ፈገግታው ቀስ እያለ ጠፋ።

"አብዱልአዚዝም ሠራተኛ ነው ለካ።"

"ነው።"

"ያን ቀን በእኔ መኪና ነበር የሄደው። ጋቢናው ሞልቶ ነበር። ከላይ ውጣ ያልኩት እኔ ነኝ።" በግራሶ የጠቆረ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። "እሱን አውጪልኝ፣ እትዬ ንጋት። ሌሎቹን ግን እንዳትምሪያቸው!"

ሐጂ ኡበይዳ በትራቸውን ጠረጴዛው ላይ አስደግፈው፣ እስኪነበብላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ልጃቸው ጅቡቲ ወደብ ላይ ይሠራል፤ በወር አንድ ደብዳቤ አያስቀርም።

"አብዮትስ?" አሉ።

"ደብዳቤ የሚለየው? አለበት፣ ሐጂ።"

"አስወጪው። የልጄን ደብዳቤ የሚያነብልኝ እሱ ነው። ክፉ ወሬ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ሰው እንዳይሰማብኝ።"

ንጋትወርቅ ብዙ ጊዜ የማታደርገውን አደረገች፤ ጠየቀች። "ታዲያ ለምን ይፈርማሉ?"

"ደብዳቤዬ አልመጣማ! ተቆጥቻለሁ። ቁጣዬን ጻፊ፣ አብዮትን ግን አትጻፊ።"

አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ጫኑና በስማቸው አጠገብ አሳረፉ።

እስከ ስድስት ሰዓት አሥራ ሰባት ሰው ፈረመ። እየተቆጣ ያልመጣ የለም፤ ሲነበብለት አንድ ሰው ሳያስወጣ የሄደም፣ ከደምመላሽ በቀር፣ የለም። አንዱ ሙኒያን፣ አንዱ አብዮትን፣ ሌላው አብዱልአዚዝን።

ደምመላሽ ተመልሶ ወረቀቱን ገለበጠ። "አይመለከትም… አይመለከትም… ይሄ አቤቱታ ነው ወይስ ምሕረት?"

"ያሉትን ነው የጻፍኩት።"

"በንጹሕ ወረቀት ገልብጪልኝ። ይሄን ሁሉ ተይው።"

"ፊርማው ከጀርባው ነው፣ ጋሼ። ሌላ ወረቀት ከሆነ ሁሉም ተመልሶ ይፈርም፤ እኔም መልሼ አነባለሁ።"

ሰዓቱን አየ። ከዚያ በጣቶቹ መቁጠር ጀመረና አራተኛው ላይ ቆመ። "ቆይ። ያቺ የምትጠርገዋስ?"

"ዓለምሸት?"

"እሷን ማንም አላስወጣትም?"

"ማንም።"

ደምመላሽ ሳቀ። "እንግዲያው አለቀ! ለማስፈራሪያ አንድ ሰው ይበቃል። እሷ ስትባረር ሦስቱ በማግስቱ ሥራ ይገባሉ። በፖስታ አሽጊልኝ፤ የሚኒባሱን ረዳት ይዤ መጣሁ።" ደረጃውን ሲወርድ ዞር አለ። "ደግሞ ኮስተር አትበዪ፣ ንጋት። በረንዳው ላይ ተቀመጥሽ ብዬ ኪራይ ጠይቄሽ አላውቅም።"

ንጋትወርቅ ፖስታ ለማውጣት መሳቢያዋን ከፈተች። እጇ አቧራ ነካ፤ መሳቢያው ውስጥ ሳይቀር ገብቷል። ያኔ ነው ሦስቱ ቀን ከሌላው ቀን በምን እንደተለየ የገባት። ዓለምሸት በየማለዳው ፖስታ ቤቱን ጠርጋ ስትጨርስ፣ በጄሪካኑ የተረፈውን ውኃ ይዛ መንገዱን ትሻገርና በረንዳው ፊት ትረጭ ነበር። ንጋትወርቅ አላዘዘቻትም። "እግዜር ይስጥሽ" ከማለት በቀርም አነጋግራት አታውቅም።

ወረቀቱ ላይ ድንጋዩን ጫነችና መንገዱን ተሻገረች።

"እትዬ ንጋት፣ መባረሪያችንን ጽፈሽ ጨረስሽ?" አለ አብዱልአዚዝ ከዛፉ ሥር። ፀሐይ የላጠው አፍንጫው ገና አልዳነም።

"አልጨረስኩም። አንድ ስም ጎድሎኛል።" ወደ ዓለምሸት ዞረች። "የአባትሽ ስም ማነው?"

"ምን ያደርግልሻል?"

"ያለ አባት ስም አልጽፍም።"

"ደመወዝ ስቀበል 'ዓለምሸት ጽዳት' በሚለው ላይ ነው የምፈርመው። እሱን አድርጊውና ተገላገዪ።"

ሙኒያ በሳቅ ፈረሰች፤ አብዮትም ተከተላት። ዓለምሸት ራሷ ሳቀችና ነጠላዋን አስተካከለች።

"ይመር ነው። ዓለምሸት ይመር።" ወደ በረንዳው አሻግራ አየች። "አቧራው አስቸገረሽ አይደል? ሥራ አቁሜ ሳለ ለአንዱ ብረጭ ሌላው ይከፋዋል ብዬ ነው።"

"ደግ አደረግሽ" አለች ንጋትወርቅ።

ተመልሳ ተቀመጠች። ዓለምሸትን የሚያስወጣ ቃል መጨመር ቀላል ነበር፤ ከአሥራ ሰባቱ ባንዱ ስም ጎን ቦታ አልጠፋም። ግን ያላሉትን ልትጽፍባቸው ነው። ይህን ለማለት የሚችለው የፈረመ ሰው ብቻ ነው። እሷ ደግሞ በሰው ወረቀት ላይ ስሟን አስፍራ አታውቅም። ስንቱን ስታጣላና ስታስታርቅ ጽሑፉ የእሷ፣ ቃሉ የባለጉዳዩ ነበር።

ደግሞም ጉዳይ የላትም ማለት አይቻልም። ደብዳቤ የሚልክ ጠፍቶ፣ ሦስት ቀን አንድ ፖስታ አልሸጠችም።

ከአሥራ ሰባተኛው ሥር መስመር አሰመረች። "18። ንጋትወርቅ ሽፈራው" ብላ ጻፈች። ከጎኑ፦ "ዓለምሸት ይመርን አይመለከትም።"

እስክሪብቶውን ወደ ፊርማው ቦታ አስጠግታ መልሳ አነሳችው። ገና አልተነበበላትም። ወረቀቱን ገልብጣ ከፊተኛው ገጽ ጀመረች፤ ለባለጉዳይ እንደምታደርገው ድምፅ አውጥታ፣ ሳትቸኩል። ከዚያ የጀርባውን፤ የሰኢዳን፣ የቢያድግልኝን፣ የሐጂ ኡበይዳን፣ የሁሉንም። ስትጨርስ ጉዳዩ ተጓቷል፤ የሚሰናበት ሠራተኛ ግን በወረቀቱ ላይ አልቀረም።

ፈረመች።

ወረቀቱን ሦስት ቦታ አጥፋ ፖስታው ውስጥ ከተተች፤ ከንፈሩን በሙጫ ለጠፈች፤ የሰመራውን አድራሻ ጻፈችበት። ከመለዋወጫው ሱቅ በኩል የደምመላሽ ድምፅ ይሰማል፤ ረዳቱን "ቶሎ በል" እያለ ነው። ባዶ ወረቀቶቿን፣ ቀለሙንና እስክሪብቶዎቿን፣ ተመልሶ እንደማይቀመጥ ሰው፣ ሰብስባ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ጠረጴዛው ላይ የቀረው ፖስታው ብቻ ነበር። ንፋስ እንዳይወስደው ድንጋዩን ጫነችበት።